«ጠባዩ ነው» እየተባለ የሚታለፈው የሐሞት ጠጠር ሕመም

የአእምሮ እድገት ውስንነት ባለባቸው ሰዎች ላይ የሐሞት ከረጢት ሕመም ሲደርስ ከሚሠሩት ስህተቶች ሁሉ የሚከፋው «ጠባዩ ነው» ብሎ ማለፍ ነው። ሕመሙን በቃል መግለጽ የማይችል ሰው ድንገት ምግብ መግፋት፣ ሌሊት መጮህ ወይም ራሱን መምታት ሲጀምር፣ ሁሉም ነገር በውስንነቱ ይመካኝና ሆዱን የሚዳብስለት ይጠፋል። ይህን እኔም አድርጌዋለሁ። በሠላሳዎቹ ዕድሜ የሚገኝ አንድ ታካሚ ከእራት በኋላ እያጎነበሰ ከቀኝ ጎድኑ በታች ራሱን በጡጫ ይመታ ነበር፤ እኔም ብስጭቱ የባሰበት መስሎኝ የማረጋጊያ መድኃኒቱን መጠን ሁለት ጊዜ ጨመርሁ። መድኃኒቱ ግን አፈዘዘው እንጂ ሕመሙን አላስታገሠለትም። ዓይኑ ቢጫ መሆኑን፣ ሽንቱም መጥቆሩን ያየችው በየማለዳው የምታጥበው ተንከባካቢ ነበረች። በአልትራሳውንድ ሲታይ ከረጢቱ ጠጠር የሞላበት ሲሆን፣ አንዱ ጠጠር ወርዶ የሐሞት ቱቦውን ዘግቶት ነበር።

ተንከባካቢዋ በደብተሯ ላይ «ቅባት ሲበላ፣ ከ40 ደቂቃ በኋላ ያጎነብሳል» ብላ ከጻፈች ሳምንታት አልፈው ነበር፤ የጠየቃት ግን አልነበረም። ታካሚውን በየቀኑ የሚያውቀውን ሰው ከምርመራ ክፍል ማስወጣት ለምን እንደ ሥርዓት እንደሚቆጠር እስካሁን አይገባኝም።

«የት ያምሃል?» ብሎ ጠይቆ ዝምታውን እንደ «አያመኝም» መቁጠርም የተለመደ ነው። የጠጠር ሕመም ብዙውን ጊዜ ከሆድ በላይኛው ክፍል፣ በቀኝ ወይም በመሃል ይነሣና ወደ ቀኝ ትከሻ ወይም ጀርባ ሊሰማ ይችላል፤ ከግማሽ ሰዓት እስከ ጥቂት ሰዓታትም ይቆያል። ሆድ ሲመረመር የሚሰጠውን «በረጅሙ ተንፍስ» የሚል ትእዛዝ መከተል ለማይችል ሰው፣ ጎኑን ቀስ ብሎ እየተጫኑ ፊቱን ማየት ይሻላል።

ትኩሳት እስኪመጣ መጠበቅ አይገባም፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከዓይን ቢጫነት ጋር ከመጡ ግን ቱቦው ሳይመረቅዝ አይቀርምና በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መውሰድ ግድ ነው።

ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሰዎች፣ ሕፃናትም ጭምር፣ ለሐሞት ጠጠር ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸው ይዘነጋል። ወዲህ ደግሞ ጠጠር በተገኘ ቁጥር ጥፋቱን ሁሉ በጠጠሩ ላይ የሚጥሉ አሉ፤ አብዛኛው ጠጠር ዕድሜ ልክ ምልክት ስለማያሳይ፣ የሆድ ድርቀትን፣ የጨጓራ አሲድ መመለስንና የጥርስ ሕመምን ሳይመረምሩ ወደ ቀዶ ሕክምና መሮጥ አይገባም።

«አይተባበርም» ተብሎ አልትራሳውንድ መቅረቱ በጣም ያናድደኛል። ምርመራው ቢያንስ 6 ሰዓት መጾምን ስለሚጠይቅ የማለዳውን የመጀመሪያ ተራ መስጠት፣ ለምርመራው ሆድ ላይ የሚቀባውን ጄል አስቀድሞ በእጁ ላይ ማስነካትና የሚያውቀው ሰው አጠገቡ እንዲቆም ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ቀዶ ሕክምና ከተወሰነ፣ ለታካሚው በሚገባው መንገድ ሳያስረዱና ፈቃዱን ሳይጠይቁ ከቤተሰቡ ጋር ብቻ መጨረስ ስህተት ነው። ዳውን ሲንድረም ካለበት የአንገት አጥንቱ መጋጠሚያ ልል ሊሆን ስለሚችል፣ የማደንዘዣ ባለሙያው አስቀድሞ ይህን ማወቅ አለበት። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም የሕመም ማስታገሻውን «ሲጠይቅ ይሰጠው» ብሎ ማዘዝ ለማይናገር ሰው ምንም አይጠቅምም፤ ሳይጠይቅ በተወሰነለት ሰዓት እንዲሰጠው ይጻፍለት።