ከሞተ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ፋይል ማውጣት

ኮምፒውተሩ አልነሳም አለ ማለት ፋይሉ ጠፋ ማለት አይደለም። ማዘርቦርዱ ወይም ፓወር ሰፕላዩ ሞቶ ሃርድ ዲስኩ ደህና ሊሆን ይችላል። እኔ እንዲህ ሲያጋጥመኝ ማሽኑን በመጠገን አልደክምም። ገመዱን እነቅላለሁ፣ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪውንም አወጣለሁ፣ ከዚያ ካቻቢቴ አንስቼ ዲስኩን እፈታለሁ።

መሰኪያውን እዩት። በሁለት ረድፍ ፒን የተደረደረበት ከሆነ አይዲኢ ነው፤ የዴስክቶፑ 40፣ የላፕቶፑ 44 ፒን። ቀጭንና ጠፍጣፋ ከሆነ ሳታ ነው። ወደ ዩኤስቢ የሚቀይር አዳፕተር ስትገዙ ይህን ለዩ። ትልቁ ባለ 3.5 ኢንች ዲስክ 12 ቮልትም ይፈልጋል፤ ከተለመደው ዩኤስቢ የሚመጣው ግን 5 ቮልት ነው። ስለዚህ የራሱ ቻርጀር ያለው አዳፕተር ያዙ።

በሚሠራ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ጆሯችሁን ወደ ዲስኩ ጠጋ አድርጉ። ለስለስ ያለ የመሽከርከር ድምፅ ከሰማችሁ ጥሩ ነው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ከደጋገመ ግን ቶሎ ንቀሉት። የማንበቢያው ጫፍ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል፤ በዞረ ቁጥር ፋይሉ የተጻፈበትን ሳህን ሊቧጥጠው ይችላል። የተቧጠጠውን ደግሞ ማንም አይመልሰውም። «ፍሪዘር ውስጥ ክተተው» የሚል አዋቂ አይጠፋም። አትስሙት፤ ትርፉ እርጥበት ነው። ክዳኑንም እንዳትከፍቱት። ፋይሉ የምር የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ከአቧራ የጸዳ ክፍል ላላቸው ባለሙያዎች ስጡ።

ዲስኩ ደህና ከተከፈተ ነገሩ ቀላል ነው፤ መጀመሪያ የማይተካውን፣ ማለትም ፎቶና ሰነዱን ቅዱ። ፊልሙ ይደርሳል። ዊንዶውስ «ፎርማት ላድርገው?» ካላችሁ እንዳትስማሙ። ቢትሎከር፣ ማለትም የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ፣ ከጠየቀ ደግሞ ባለ 48 አሃዙን የማስመለሻ ቁልፍ ፈልጉ፤ ያለ እሱ ወይም ያለ የይለፍ ቃሉ መግቢያ የለም።

እየተንቀራፈፈ ወይም መሃል ላይ ደርቆ እየቆመ ካስቸገረ ፋይል በፋይል አትነካኩት። ሊኑክስን (እንደ ዊንዶውስ ያለ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው) ከፍላሽ አስነሱና በዲዲሬስኪው (ddrescue) የዲስኩን ሙሉ ግልባጭ ውሰዱ። ይህ ፕሮግራም ቀላሉን ክፍል አስቀድሞ ያነባል፣ እምቢ ያለውን ዘሎ በኋላ ይመለስበታል። ማፕ ፋይል፣ ማለትም ያነበበውንና የቀረውን የሚመዘግብበት ፋይል፣ ከሰጣችሁት መብራት ቢጠፋ እንኳ ካቆመበት ይቀጥላል። ግልባጩ የሚያርፍበት ዲስክ ከአሮጌው ሰፋ ይበል። ትእዛዙን ከመጫናችሁ በፊት የሁለቱን መጠንና ሞዴል አመሳክሩ። ምንጩና መድረሻው ከተገላበጡ በአሮጌው ላይ ባዶውን ጻፋችሁበት ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ በሙሉ ግልባጩ ላይ ነው። የጠፋ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፋይ) ለመፈለግ ቴስትዲስክ አለ፣ ነጻ ነው። እሱ ካልሠራ ወንድሙ ፎቶሬክ ፋይሎቹን ከይዘታቸው እየለየ ያወጣል። የሚያወጣውን ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ችግሩ የፋይሎቹ ስምም ፎልደርም አብሮ አይመጣም፤ ቁጥር የተለጠፈበት የፎቶ ክምር ነው የምታገኙት። እኔ በመጠን ነው የምደረድራቸው። በካሜራ የተነሱት ከላይ ይሰበሰባሉ፤ ከድረ ገጽ የተረፉት ጥቃቅን ምስሎች ከታች ይቀራሉ።