የስታክ ስዊቾችን በምን ቅርጽ እናገናኝ?

ስታክ ማለት በልዩ ኬብል ተገናኝተው እንደ አንድ የሚሠሩ የኔትወርክ ስዊቾች ስብስብ ነው። ኬብል ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፦ አንድ ኬብል ቢነቀል ወይም አንድ ስዊች ቢጠፋ የቀሩት እርስ በርስ እንደተገናኙ ይቆያሉ? ቅርጹን የሚወስነው ይህ ነው።

በሰንሰለት አገናኝታችሁ ከሆነ አይቆዩም። ለ6 ስዊች 5 ኬብል ይበቃል፤ መሃል ላይ አንዱ ሲቋረጥ ግን ስታኩ ለሁለት ይከፈላል። መከላከያ ካልተበጀለት ሁለቱም ወገን ያንኑ ኮንፊገሬሽንና ያንኑ አይፒ አድራሻ ይዞ የየራሱን ማስተር (ስታኩን የሚመራ ስዊች) ይመርጣል። ስዊቹ መልስ ይሰጥ እንደሆነ የሚፈትነው ፒንግ አንዴ ይመልሳል፣ አንዴ ዝም ይላል፤ ብዙ ሰዓት የሚበላ ብልሽት ነው። ሰንሰለትን ተጠቀሙ የምንለው የመመለሻው ኬብል በጭራሽ በማይደርስበት ቦታ ብቻ ነው።

ቀለበት የሚጠይቀው 1 ተጨማሪ ኬብል ነው። አንዱ ቢቋረጥ የስታኩ ባንድዊድዝ በግማሽ ይወርዳል እንጂ ሥራ አይቆምም። ስዊቾቹ 2 ብቻ ቢሆኑም ሁለት ኬብል ግጠሙ። ሁሉን ከሁሉ የሚያገናኘው ሜሽ ለ5 ስዊች 10 ኬብልና በእያንዳንዱ ላይ 4 የስታክ ፖርት ይፈልጋል፤ ብዙዎቹ ሞዴሎች ያላቸው 2 ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከምርጫ ይወጣል።

ቀለበት ከመረጣችሁ አስቸጋሪው ከታች ወደ ላይ የሚመለሰው ረጅም ኬብል ነው። ለሲስኮ ካታሊስት 3850 ያሉት የስታክ ኬብሎች 50 ሳንቲሜትር፣ 1 ሜትርና 3 ሜትር ናቸው፤ ባለ 3 ሜትሩ ወፍራም ነው፣ ራኩ (የመሣሪያ መደርደሪያው) ጀርባ ላይ ፓወር ሰፕላይ ለማውጣት እንቅፋት ይሆናል። ስለዚህ እያዘለላችሁ ሸርቡት። ከላይ ወደ ታች ከ1 እስከ 6 ብትቆጥሩ፦ 1ን ከ2፣ 2ን ከ4፣ 4ን ከ6፣ 6ን ከ5፣ 5ን ከ3፣ 3ን ከ1። ኬብሉ ያው 6 ነው፣ ቀለበቱም ሙሉ ነው፤ አንዱም ኬብል ግን ከአንድ ስዊች በላይ አይዘልም። ሁልጊዜ ከአንዱ ፖርት 2 ወጥታችሁ ወደ ቀጣዩ ፖርት 1 ግቡ፤ በኋላ ብልሽት ስትፈልጉ ግምት ውስጥ አትገቡም።

ይህ ሽርብ ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ጥቅም አለው። ስዊቾቹ ባለ አንድ ፓወር ሰፕላይ ከሆኑ ጎዶሎ ቁጥሮቹን ከአንድ የመብራት መስመር፣ ሙሉ ቁጥሮቹን (2፣ 4፣ 6) ከሌላው ስጡ። በቀለበቱ ላይ 1፣ 3 እና 5 ተከታትለው ስለሚገኙ አንዱ መስመር ቢጠፋ የቀሩት ሦስቱ ሳይለያዩ ይሠራሉ። በቁጥር ቅደም ተከተል በተገናኘ ተራ ቀለበት ላይ መብራቱን እንዲህ በፈረቃ ብትሰጧቸው ግን ሦስቱ የተነጣጠሉ ብቸኛ ስዊቾች ይሆናሉ።

አፕሊንኮቹን (ወደ ዋናው ኔትወርክ የሚወጡትን መስመሮች) ስዊች 1 እና 6 ላይ አድርጓቸውና ብዙ መስመሮችን እንደ አንድ በሚያሠራው ፕሮቶኮል፣ በኤልኤሲፒ፣ አንድ አድርጓቸው። ሁለቱ በቀለበቱ ትይዩ ስለሆኑ ሌሎቹ ከቅርቡ አፕሊንክ በአንድ ኬብል ብቻ ይርቃሉ። ማስተሩም ከእነዚሁ ይሁን፦ በካታሊስት ፕራዮሪቲ (ማስተር ሲመረጥ የሚታየው የቅድሚያ ቁጥር) ከ1 እስከ 15 ነው፤ ለ1 15፣ ለ6 14 ስጡ። ሁሉንም እንዳለ በ1 ከተዋችሁት ዝቅተኛ ማክ አድራሻ (ከፋብሪካ የተሰጠ መለያ ቁጥር) ያለው ያሸንፋል፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ አሮጌው ስዊች ነው።

የሶፍትዌር ቨርዥኑን አስቀድማችሁ አመሳስሉ፤ ኬብሉን መብራት ጠፍቶ ሰክታችሁ ብሎኑን በእጅ እስኪጠብቅ አዙሩ። የላላ ኬብል ሙሉ በሙሉ ከተነቀለው ይብሳል፤ ሊንኩ እየወጣ እየገባ ያምሳችኋል። በርተው የሚሠሩ ሁለት ስታኮችን አታገናኙ፤ በምርጫው የተሸነፈው ወገን ሪስታርት ያደርጋል።

በመጨረሻ ሞክሩት። «ሾው ስዊች ስታክ-ሪንግ ስፒድ» የሚለውን ትዕዛዝ ስትሰጡ ፉል (ሙሉ) ማለት አለበት። ሃፍ (ግማሽ) ካለ አንድ ኬብል አልያዘም ማለት ነው፤ ተጠቃሚው ምንም ስለማይሰማው ይህን ካላያችሁ ወራት ሊያልፍ ይችላል። ከዚያ ፒንግ እየሄደ እያንዳንዱን ኬብል በተራ ነቅላችሁ መልሱ፤ ቀጥሎ ስዊች 1ን አጥፉትና 6 ሥራውን መረከቡን አረጋግጡ።