የድሮ ሶልን በሎስለስ ስትሰሙ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ሶል የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ነው፤ ሎስለስ ደግሞ ከድምፁ ምንም ሳይጣል የሚቀመጥ ፋይል ነው፣ ፍላክም አንዱ ዓይነቱ። እባካችሁ ኤምፒ3 ወደ ፍላክ አትቀይሩ። ይሄን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ! ኤምፒ3 ሲሠራ “ጆሮ አይለየውም” የተባለው የድምፅ ክፍል ተቆርጦ ይጣላል። የተጣለውን የሚመልስ ፕሮግራም የለም። ፍላክ የተሰጠውን እንዳለ ይይዛል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። ትርፉ የፋይሉ መወፈር ብቻ ነው።

በቅርቡ አንድ ወዳጄ ሃርድ ዲስክ ሙሉ የሞታውን (የአሜሪካው የሶል ሸክላ አሳታሚ) ዘፈን ይዞልኝ መጣ። ሁሉም ፍላክ ነው። አንዱን በስፔክ ከፈትኩለት፤ ድምፁን በሥዕል የሚያሳይ ነፃ ፕሮግራም ነው። ከ16 ኪሎኸርዝ በላይ፣ ቀጭኑ ድምፅ ያለበት ቦታ፣ በቢላ እንደተቆረጠ ጥቁር ነው። የድሮ ቅጂ ከላይ ቀስ እያለ ይሳሳል እንጂ እንዲህ ቀጥ ብሎ አያልቅም። ደካማ ኤምፒ3 ነበር፣ ስሙ ብቻ የተለወጠ። ልጁ አንጀቴን በላው፤ ስንት ሌሊት ቁጭ ብሎ ነው ያወረደው።

“ስቴሪዮ (ለሁለቱ ጆሮ የተለያየ ድምፅ) ካለ ሞኖ (ለሁለቱም አንድ ዓይነት ድምፅ) ለምን?” የሚሉም አሉ። በ1960ዎቹ በፈረንጆቹ፣ የዲትሮይቱ ሞታውን ሲንግል ሸክላዎቹን የሚያዘጋጀው በዋናነት ለሬዲዮ፣ በሞኖ ነበር። ልፋቱ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። በአንዳንዱ ስቴሪዮ ከበሮው አንድ ጆሮ ላይ፣ ዘፋኙ ሌላው ላይ ይቀራል፤ በሄድፎን ያደክማል። የሞታውኑ ቤዝ ተጫዋች ጄምስ ጄመርሰን በአንድ ጣት የሚመታውን ቤዝ በሞኖው ስሙት። ከከበሮው ጋር ተጣብቆ ደረት ላይ ያርፋል።

ሽ የሚለውን የቴፕ ድምፅ ለማጥፋትም አትታገሉ። ሌላው የሶል አሳታሚ፣ የሜምፊሱ ስታክስ፣ ስቱዲዮው የድሮ ሲኒማ ቤት ነበር፤ ወለሉ እንኳ እንዳዘቀዘቀ ነው የቀረው። የስታክሱ ዘፋኝ ኦቲስ ሬዲንግ ሲዘፍን ዙሪያውን የሚሰማው የዚያ አዳራሽ አየር ነው። ሽ የሚለውን ድምፅ በፕሮግራም ስትጠርጉ የጥሩምባዎቹ ማስተጋባትም አብሮ ይጠረጋል።

ሪማስተር፣ ማለትም ድምፁ እንደገና ተስተካክሎ የወጣ፣ የተባለ ሁሉ የተሻለ አይደለም። ብዙዎቹ ጮክ እንዲሉ የዝቅተኛውና የከፍተኛው ድምፅ ልዩነት ተጠብቧል። ከቀድሞው ሲዲ ጋር ስታወዳድሩ መጀመሪያ የሁለቱን የድምፅ ከፍታ እኩል አድርጉ፤ አለዚያ ጮክ ያለው ሁሌም ያታልላል።

24 ቢት የሚባለውን፣ ከሲዲ በላይ ዝርዝር የሚይዘውን ፋይል፣ ካላገኛችሁ አትጨነቁ፤ ለእነዚህ ቅጂዎች የሲዲው 16 ቢት፣ 44.1 ኪሎኸርዝ በቂ ነው።

አብዛኛው ብሉቱዝ እንደ ኤምፒ3 ከድምፁ እየጣለ እንደገና ይጨምቀዋል፤ በገመድ ስሙ። ከአፕ የምትሰሙ ከሆነም ሴቲንጉን ክፈቱ፤ ብዙ ጊዜ የዋይፋይና የሞባይል ዳታ ጥራት ለየብቻ ነው የሚመረጠው።