ሜንተሩ ሲሄድ ቁልፉ ማን ጋር ይቀራል? በበጎ ፈቃድ የቴክኖሎጂ ምክር ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የአንድ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ዌብሳይት አንድ ጠዋት አልከፍት ይላል። ሲጣራ የዶሜይኑ (የዌብሳይቱ የኢንተርኔት አድራሻ) ዓመታዊ ክፍያ አልታደሰም። ማሳሰቢያው ሲላክ የቆየው ዌብሳይቱን በነጻ ወደሠራላቸው ልጅ የግል ኢሜይል ነው። ልጁ ያንን ኢሜይል መክፈት ካቆመ ቆይቷል። ድርጅቱ እሱ ያድሰዋል ብሎ ያምናል፤ እሱ ደግሞ ከሄድኩ በኋላ ተረክበውታል ብሎ ያስባል። ክፉ ያሰበ የለም። ሁለቱም ግን «ያኛው ይዞታል» ብለዋል።

ሜንተር፣ ማለትም ድርጅትን በበጎ ፈቃድ በቴክኖሎጂ የሚያማክርና የሚያስተምር ሰው፣ በሚሠራው ሥራ ላይ የሚፈጠሩ ብዙ ችግሮች ምንጫቸው ይቺው ሐሳብ ናት። የእውቀት ማነስ ከዚህ ቀጥሎ ነው የሚመጣው።

አካውንቱን በሜንተሩ ስም መክፈት

ብዙ ጥፋት የሚያደርሰው ስህተት ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ላውራው። ሲጀመር ቀላል ይመስላል። «ለጊዜው በእኔ ኢሜይል ልክፈተውና በኋላ እናዛውረዋለን» ይባላል። ያ «በኋላ» አይመጣም። ዶሜይኑ፣ ሆስቲንጉ (ዌብሳይቱ የሚቀመጥበት የኪራይ ቦታ)፣ የማኅበራዊ ሚዲያ ገጹ፣ አንዳንዴም መዋጮ የሚሰበሰብበት አካውንት በአንድ ሰው እጅ ይቀራል። መጨረሻው ዶትኮም የሆነ ዶሜይን ጊዜው አልፎ ከተሰረዘ ደግሞ ተጨማሪ ከፍሎ ለማስመለስ ያለው ጊዜ 30 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ቀድሞ የደረሰ ማንም ሰው ሊወስደው ይችላል።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ከመጀመሪያው ቀን ድርጅቱ የራሱን ኢሜይል ይክፈት፤ አድራሻውም በሰው ስም ሳይሆን በሥራው ስም ይሁን። ሙሉ ሥልጣን ያላቸው ቢያንስ ሁለት የድርጅቱ ሰዎች ይኑሩ። ሜንተሩ የራሱ መግቢያ ይሰጠው፣ ለሥራው የሚበቃ ፈቃድ ብቻ ያለው። ፓስወርድ በቻት አይላክ፤ የፓስወርድ ማስቀመጫ ፕሮግራም አለ። አንድ የሚረሳ ነገርም አለ፦ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ማለትም ከፓስወርዱ ሌላ ለመግባት የሚጠየቀው ኮድ። ኮዱ የሚመጣው በሜንተሩ ስልክ ከሆነ ፓስወርዱን ማወቃችሁ ምንም አይጠቅምም። ስልኩ አብሮት ይሄዳል። ስልኩ በሌለ ጊዜ የሚያስገቡትን የመጠባበቂያ ኮዶች አትማችሁ ድርጅቱ ውስጥ ቆልፋችሁ አስቀምጡ።

እዚህ ላይ ኃላፊነቱ የሁለቱም ነው። ሜንተሩ «በእኔ ስም አልከፍትም» ማለት አለበት። ድርጅቱም ከስንፍና ነጻ መውጣት አለበት፤ አካውንት መክፈት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ማስተማርን ትቶ መሥራት

ዛሬ ቴክሱፕ የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1987 በሳንፍራንሲስኮ ሲጀመር ስሙ ኮምፒዩሜንተር ነበር። ሥራውም ኮምፒውተር የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞችን እርዳታ ከሚፈልጉ ድርጅቶች ጋር ማገናኘት ነበር። ስሙ ራሱ ሜንተር የሚለውን ቃል ይዟል። ጠጋኝ አላሉትም።

ሆኖም አዋቂ ሰው ሌላው ሲደናበር ማየት ይከብደዋል። ማውሱን ይቀበልና ራሱ ይጨርሰዋል። በቀጣዩ ሳምንት ያው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። መፍትሔው አንድ ነው፦ ማውሱን የሚይዘው የድርጅቱ ሠራተኛ ይሁን። ሦስት እጥፍ ጊዜ ይወስዳል። የመጣችሁት ግን ለዚሁ ነው።

በድርጅቱ በኩል ያለው ጥፋት ደግሞ ሌላ ነው። «አንተ ወጣት ነህ፣ ኮምፒውተር ታውቃለህ» ተብሎ ሥራው በአንድ ሠራተኛ ላይ ይጫናል። ከሌላው ሥራው ግን ምንም አይቀነስለትም። መማሪያ ጊዜ ያላገኘ ሰው እንዴት ይማራል? ሰው መመደብ ማለት ሰዓትም መመደብ ማለት ነው።

ይሉኝታ

በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ድርጅቱ «በነጻ እየረዳን እንዴት ቀን ቁረጥ እንለዋለን?» ይላል። ሜንተሩ ሥራ ተደራርቦበታል፤ አልቻልኩም ማለት ግን ያፍራል። ስልክ አያነሳም። ወራት ያልፋሉ፤ ሁለቱም ውስጥ ውስጡን ይቀያየማሉ። ጥሩ ሐሳብ የነበረው ሰው ሁለተኛ በጎ ፈቃድ የሚባል ነገር አይነካም።

ስለዚህ ገና ሲጀመር በአንድ ገጽ ጻፉት። በሳምንት ስንት ሰዓት? እስከ መቼ? «ከተመቸኝ» ሳይሆን «ሁለት ሰዓት» ብላችሁ ጻፉት። ማቋረጥ ቢያስፈልግስ ከስንት ቀን በፊት ይነገራል? መውጫው አስቀድሞ ከተከፈተ ማንም በመስኮት አይዘልም።

መሣሪያውን ከችግሩ ማስቀደም

ሜንተሩ የሚወደውን ይዞ ይመጣል። ድርጅቱ በደንብ የተደራጀ ኤክሴል ይበቃው ነበር፤ ዳታቤዝ ይሠራለታል። ምርጫውን ማቅረብ የሜንተሩ፣ መወሰን የድርጅቱ ነው። ነጻ የተባለውም ሥልጠና፣ መረጃ ማዛወርና ጥገና ይጠይቃል። ጉግልና ማይክሮሶፍት መስፈርቱን ለሚያሟሉ ድርጅቶች በነጻ ወይም በቅናሽ የሚሰጡት አገልግሎት አለ። ማመልከቻውን ግን ድርጅቱ በራሱ የምዝገባ ሰነድ ይሙላ።

የተረጂዎችን መረጃ ዝም ብሎ ማስረከብ

ስም፣ ስልክ፣ የጤና ሁኔታ የያዘ ፋይል ለሜንተሩ ላፕቶፕ ምን ያደርግለታል? ለሙከራ የፈጠራ ስሞች ይበቃሉ። እነዚያ ሰዎች መረጃቸውን የሰጡት ለድርጅቱ ነው። ሜንተሩም ሙሉ ፋይል ሲላክለት ቢመልሰው ውለታ ነው።

ሳይፈተኑ መሰነባበት

የርክክብ ሰነድ መጻፍ ብቻውን አይበቃም። የጻፈው ሰው በአእምሮው ያለውን ሁሉ ወረቀት ላይ ያለ ይመስለዋል። ከመጨረሻው ቀን በፊት በሥራው ያልነበረ አንድ ሠራተኛ ሰነዱን ብቻ ይዞ ይሞክር። ከባክአፑ (ከመጠባበቂያ ቅጂው) መረጃውን ይመልስ፣ ዌብሳይቱ ላይ አንድ ገጽ ይቀይር፣ አዲስ ሠራተኛ ይመዝግብ። ሜንተሩ አጠገቡ ይቀመጥ፣ ነገር ግን አይናገር። ሠራተኛው የተደናቀፈበት ቦታ ሁሉ ወረቀቱ ላይ ይታረም። ከዚያ ሁለቱም ባሉበት የሜንተሩ መግቢያ ይዘጋ።