ሀገር ቤት ጠቅልሎ ለገባ የአሜሪካ ጦር ቬተራን፦ የሚያሳፍረውም ሕመም ወረቀት ይፈልጋል

ቦሌ አንድ ካፌ ውስጥ ተቀምጠን ፎርም እየሞላን ነው። አብሮኝ ያለው ወዳጄ በአሜሪካ ጦር ውስጥ ሆኖ ኢራቅ ሁለት ጊዜ ዘምቷል፤ አሁን ጠቅልሎ አዲስ አበባ ገብቷል። አስተናጋጇ ማኪያቶ ይዛ ስትመጣ ወረቀቱን ገልብጦ መዳፉን ጫነበት። የጀርባ ሕመሙን ስንጽፍ አልገለበጠም። የጆሮው ጩኸት ላይም አልገለበጠም። ስንፈተ ወሲብ የሚለው ላይ ስንደርስ ነው የገለበጠው። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ልጅቷም ዞር ብላ አላየችው።

«ወንድሜ፣ ይቺን ብንተዋትስ?» አለኝ።

አልተውናትም። በዚህ ሕመም የሚካሱ ሰዎች እንዳሉ የማያውቁ፣ ቢያውቁም አፍረው የተዉ ሀበሾች ጥቂት አይደሉም። በግሪን ካርድ ጦሩን የተቀላቀለ አለ። አማርኛ ቋንቋው ተፈልጎ ማቭኒ በተባለው የውጭ ዜጎች ምልመላ ፕሮግራም የገባም አለ። አንዳንዱ ዛሬ ቤት ሠርቶ እዚህ ይኖራል፣ ሌላው ክረምቱን እዚያ፣ በጋውን እዚህ ያሳልፋል። ጉዳዩ ግን አሜሪካ፣ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዘንድ ነው። ሁላችንም ቪኤ የምንለው።

መጀመሪያ የሚያስጨንቀውን ላንሳ። የቪኤ የአካል ጉዳት ካሳ ከአሜሪካ ስለወጣችሁ አይቋረጥም። አዲስ ማመልከቻም ከአዲስ አበባ ሆኖ ማስገባት ይቻላል። ገንዘቡ የፌዴራል ግብር አይከፈልበትም።

አሁን ብዙ ሰው ወደምታሳስተው ዜሮ። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2021 አጋማሽ ጀምሮ ቪኤ ለስንፈተ ወሲብ የሚሰጠው የአካል ጉዳት ደረጃ 0 በመቶ ነው፤ በደረጃ ሰንጠረዡ ላይ ቁጥሩ 7522 ነው። ከዚያ በፊት 20 በመቶ የሚሰጥበት መንገድ ነበር፤ እሱም ብልቱ ላይ የቅርጽ ጉድለት ካለ ነው። ሰው ውሳኔው ሲደርሰው «0» የሚለውን ያይና «ከለከሉኝ» ብሎ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ይጥለዋል። ይሄ ስህተት ነው! ዜሮ በመቶ ማለት «ሕመሙ ከአገልግሎትህ ጋር መገናኘቱን ተቀብለናል» ማለት ነው። በሩ ተከፈተ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ኤስኤምሲ-ኬ የሚባል ልዩ ተጨማሪ ክፍያ አለ፤ የመራቢያ አካል አገልግሎት ላጣ ሰው የሚሰጥ። በ2025 ተመን በወር 136 ዶላር ከ6 ሳንቲም ነበር። ከመቶኛው ስሌት ውጭ ነው፣ በላዩ ላይ ይደመራል፤ 100 በመቶ የሚያገኝ ሰውም ይጨመርለታል። ስለዚህ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ዜሮውን ጽፈው ኤስኤምሲ-ኬን ካላነሱ ጠይቁ።

ሴት ቬተራኖችም ይሄ የወንዶች ወሬ ነው ብላችሁ አትለፉት። የወሲብ መነቃቃት እክል በቁጥር 7632 ተመዝግቧል። ደረጃው እዚያም 0 ነው፣ ኤስኤምሲ-ኬው እዚያም አለ።

ብዙ ጊዜ ይህ ሕመም ብቻውን አይመጣም። ሌላ ሕመም ተከትሎ ነው የሚመጣው። ስኳር ያለበት ሰው፣ ደም ግፊት ያለበት፣ ወገቡ ላይ ነርቭ የተጎዳበት፣ ፕሮስቴቱ የታከመ። የእኛ ሰዎች ላይ ደጋግሜ ያየሁት ግን የፒቲኤስዲ፣ ማለትም ከጦርነት በኋላ የሚቀር የአእምሮ ጭንቀት፣ መድኃኒት ነው። ሰርትራሊንና ፓሮክሴቲን አእምሮውን ያረጋጋሉ፣ አልጋው ላይ ግን ዋጋ ያስከፍላሉ። ቪኤ ይህን «ሁለተኛ ደረጃ ግንኙነት» ብሎ ይቀበላል፦ ዋናው ሕመም ከአገልግሎት የመጣ ከሆነ፣ እሱ ወይም መድኃኒቱ ያስከተለውም እንደዚያው ይቆጠራል። ስለዚህ ማመልከቻው ላይ ስንፈተ ወሲብ ብላችሁ ብቻ አትተዉት። «በዚህ ሕመም ምክንያት» ወይም «ለዚህ ሕመም በምወስደው መድኃኒት ምክንያት» ብላችሁ ጻፉት።

እዚህ ጋ ነው ሀገር ቤት መኖር የሚጎዳን። እዚህ ሰው ምን ያደርጋል? ማታ ፋርማሲ ይገባል፣ ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ የጥርስ ሳሙና ያገላብጣል፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሹክ ይላል። በጥቁር ፌስታል ጠቅልለው ይሰጡታል። ደረሰኝ አይጠይቅም። ስሙም የትም አይጻፍም። ለሕይወቱ ምስጢር ጥሩ ነው፣ ለቪኤ ግን ይህ ሰው ታሞ አያውቅም። (በነገራችን ላይ ለልብ ናይትሬት የምትወስዱ ከሆነ የስንፈተ ወሲብ መድኃኒቱን ሲልደናፊልን በሹክሹክታ መግዛት አደገኛ ነው። ደም ግፊትን ድንገት ያወርደዋል።) ሐኪም ዘንድ ሂዱና በግልጽ ተናገሩ። ካርዳችሁ ላይ ይጻፍ። የኛ ሐኪሞች የሚጽፉት በእንግሊዝኛ መሆኑ ደግሞ የትርጉም ጣጣን ያስቀራል። ሐኪሙ ደብዳቤ ለመጻፍ ፈቃደኛ ከሆነ፣ ሕመሙ ከዋናው ሕመም የመጣበት ዕድል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ነው ብሎ ካመነ ያንኑ ይጻፍ፣ ምክንያቱንም ያብራራ። ምክንያት የሌለው አንድ መስመር ደብዳቤ አያዋጣም።

የሚስት ምስክርነትም ይቆጠራል፤ ለዚያ 21-10210 የሚባል ፎርም አለ። ወዳጄ ይህን ስነግረው ለረጅም ጊዜ ማኪያቶውን አማሰለ።

ዋናው ማመልከቻ 21-526ኢዜድ ነው። ሰነዳችሁ ገና ካልተሟላ ግን በመጀመሪያ የማመልከት ሐሳብ እንዳላችሁ አስመዝግቡ፤ ቀኑን ለአንድ ዓመት ይይዝላችኋል። በኋላ ሲፈቀድ ውዝፍ ክፍያው ከዚያ ቀን ሊታሰብ ይችላል።

ከዚያ ምርመራ ይመጣል። ቀጠሮውን ብዙ ጊዜ የሚይዙት ቪኤ የቀጠራቸው ድርጅቶች ናቸው፤ በማታውቁት ቁጥር ሊደውሉ ይችላሉ። አንሡ። ቀጠሮ መቅረት ማመልከቻውን ሊያስወድቀው ይችላል። በቅርቡ ወደ አሜሪካ የምትሄዱ ከሆነ ቀኑን ቀድማችሁ አሳውቁ። ደግሞ ብዙ ሰው የሚፈራውን ልንገራችሁ፦ መርማሪው በሚሞላው ፎርም ላይ «በቬተራኑ ጥያቄ መሠረት አካሉ አልታየም» የሚል ምርጫ አለ። ሱሪ ማውለቅን ፈርቶ የሚቀር ሰው በከንቱ ነው የሚቀረው።

ሌላው የሀበሻ ልማድ ውክልና ነው። ቤት ስንሸጥ ውክልና፣ መኪና ስናዞር ውክልና። «ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ወንድሜ ይጨርስልኛል» ይባላል። ቪኤ ግን ተራውን ውክልና ለዚህ ጉዳይ አይቀበለውም። የራሱ ፎርም አለው፦ ለድርጅት 21-22፣ ለግለሰብ 21-22ኤ። እንደ ዲኤቪ፣ ቪኤፍደብሊው እና አሜሪካን ሊጅን ያሉት የቬተራን ማኅበራት በነፃ ይረዳሉ። ለመጀመሪያ ማመልከቻ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ራቁት፤ ለዚያ ማስከፈል አልተፈቀደም። ቲክቶክ ላይ «100 በመቶ አስገኝልሃለሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት ክፍያ ለኔ» የሚሉትን ነው የምላችሁ።

ጥቃቅን የሚመስሉ ግን ጉዳይ የሚያበላሹ ነገሮች አሉ። የቪኤ ድረ ገጽ መግቢያ ኮድ በአሜሪካ ስልካችሁ የሚመጣ ከሆነ፣ ሲሙ ሲዘጋ እናንተም ተዘጋችሁ። ከመምጣታችሁ በፊት ኮዱን ወደሚያወጣ መተግበሪያ ቀይሩት። የአሜሪካ ባንክ ሒሳባችሁን አትዝጉ። አድራሻ ላይ «ከኤድና ሞል ጀርባ» ብሎ ነገር አይሠራም፤ ፖስታ ሳጥን ቁጥር ያዙ፣ የውሳኔ ደብዳቤውንም ከድረ ገጹ አውርዱት።

ሕመሙ ተቀባይነት ካገኘ፣ በዜሮም ቢሆን፣ ኤፍኤምፒ በሚባለው የውጭ ሀገር ሕክምና ፕሮግራም ተመዝገቡ። ከአገልግሎት ጋር ለተገናኘ ሕመም እዚህ የከፈላችሁትን ይመልሳል። እዚህ ቀድማችሁ ትከፍላላችሁ፣ ዝርዝር ያለው ደረሰኝ ትልካላችሁ፤ ከታከማችሁበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት አላችሁ። «የሕክምና አገልግሎት» ብቻ የሚል ደረሰኝ ስለማይበቃ ካሸሯን አስቸግሯት፤ ምን ታየ፣ ምን ታዘዘ፣ ስንት ተከፈለ።

ካልተፈቀደላችሁ አዲስ ማስረጃ ይዞ በ20-0995 መመለስ አለ፣ በ20-0996 ከፍ ያለ ገምጋሚ እንዲያየው መጠየቅም አለ። ውዝፉ የሚታሰብበት ቀን እንዳይጠፋ ግን ከውሳኔው በአንድ ዓመት ውስጥ አድርጉት።

ወዳጄ ያን ቀን ፎርሙን ጨርሶ ባለቤቱ ጋ ሜሪላንድ ደወለ። ምን እንድትጽፍ እንደሚፈልግ ለመናገር ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። እሷ ግን ገና ሳይጨርስ ገባት። «ኢሜይል አድርግልኝ፣ ከሥራ ስወጣ እሞላዋለሁ» አለችው።