የየት ሀገር አየር ነው የሚከፋው? የራሳችሁን ዝርዝር እንዴት እንደምታወጡ

ስለ አየር ጸባይ ወሬ ሲነሳ ሁሉም ሰው ከኔ የባሰ የለም ባይ ነው፣ ሙቀት ያቃጠለው ሙቀቱን ብርድ ያንቀጠቀጠው ብርዱን ይዞ ይከራከራል፣ በመጨረሻ አንዱ ስልኩን አውጥቶ የሪከርድ ቁጥር ያነብና ክርክሩ አለቀ ይባላል። እኔ ግን በዚህ መንገድ የትም አይደረስም ነው የምለው። እኔ አንድን ቦታ አየሩ ክፉ ነው ብዬ የምፈርድበት እዛ ተኝቶ የሚያድር፣ በእግሩ ስራ የሚሄድ፣ ህፃን የሚያሳድግ ሰው ላይ በየቀኑ ምን ያደርሳል ብዬ ጠይቄ ነው። እና ይሄን ማወዳደር ይቻላል፣ ትንሽ ቁጥር ማንበብና ራስን ማወቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

መጀመሪያ ሪከርዱን ወደ ጎን አድርጉት። አሜሪካ ያለው ዴዝ ቫሊ የሚባለው በረሃ በ1913 56.7 ዲግሪ ተመዝግቦበታል፣ አንታርክቲካ ያለው ቮስቶክ ጣቢያ ደግሞ በ1983 ከዜሮ በታች 89.2 ደርሷል። ይገርማል፣ ግን የአንድ ቀን ነገር ነው። የዓመት አማካይም ብዙ ጊዜ ያታልላል። ሳይቤሪያ ውስጥ ቬርኮያንስክ የምትባለውን ከተማ ውሰዱ፣ ክረምቷ ከዜሮ በታች 67.8 ወርዶ ያውቃል፣ በ2020 ጁን ላይ ደግሞ 38 ዲግሪ ሞቃለች፣ ይሄን ሁሉ ቀላቅላችሁ አንድ አማካይ ብታወጡ ማንም የማይኖርበት አየር ነው የሚወጣው። ስለዚህ መፈለግ ያለባችሁ በየወሩ የተከፋፈለውን ሰንጠረዥ ነው፣ የ30 ዓመት አማካይ ሆኖ የሚወጣውን፣ አሁን ብዙ ቦታ የሚሰራበት ከ1991 እስከ 2020 ያለው ነው። ከዛ ላይ የየወሩን የቀን ከፍተኛና የሌሊት ዝቅተኛ ሙቀት ጻፉ። ዳሎል ግን አማካዩም ራሱ ይናገራል፣ ከ1960 እስከ 1966 በተለካው የዓመቱ አማካይ 34.6 ነበር፣ ቀንና ሌሊት በጋና ክረምት ተደምሮ ማለት ነው፣ እረፍት የሚባል ነገር የለም።

ቀጥሎ ሌሊቱን እዩ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄን ነው፣ ለኔ ግን ከሁሉም በላይ ሚዛን የሚደፋው እሱ ነው። ቀን 42 ሞቆ ሌሊት 20 የሚወርድበት በረሃ ላይ ሰውነት ያርፋል፣ እንቅልፍ ይወስዳል፣ ጠዋት እንደ አዲስ ትነሳላችሁ። ቀን 33 ሆኖ ሌሊት ከ28 አልወርድ የሚልበት ቦታ ግን በቁጥር ሲታይ ቀለል ያለ ይመስላል እንጂ ሰው ይጨርሳል። ኦማን ውስጥ ቁራያት በምትባል የባህር ዳርቻ ከተማ በ2018 ጁን 26 ሙሉውን 24 ሰዓት ከ42.6 ዲግሪ በታች አልወረደም። ይሄ ከፍተኛው አይደለም፣ ዝቅተኛው ነው! ለኔ ከዴዝ ቫሊው 56.7 ይልቅ ይሄኛው ነው የሚያስፈራው።

ሶስተኛው ወበቅ ነው፣ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሰው ሙቀትን የሚያሸንፈው በላብ ነው፣ ላቡ ሲተን ቆዳውን ያቀዘቅዛል፣ አየሩ በእርጥበት ከተሞላ ግን ላቡ የሚሄድበት ስለሌለው እዛው ቆዳ ላይ ይቀራል። ስለዚህ አፕ ላይ እርጥበት ስንት ፐርሰንት ነው የሚለውን አትዩ፣ እሱ ጠዋትና ከሰዓት ስለሚለያይ ያሳስታል፣ የጤዛ ነጥብ የሚለውን ፈልጉ፣ አየሩ ስንት ዲግሪ ድረስ ቢቀዘቅዝ ነው እርጥበቱ ጤዛ መሆን የሚጀምረው የሚለው ቁጥር ነው፣ ከፍ ባለ ቁጥር አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ይበዛል። ከ16 በታች ከሆነ ምቹ ነው፣ 20 ሲያልፍ ይከብዳል፣ ከ24 በላይ ሲሆን ቁጭ ብላችሁም ያልባችኋል። ሲንጋፖር ዓመቱን ሙሉ 24 አካባቢ ናት፣ ቀን 31 እና 32 ሌሊት 25፣ ጃንዋሪ ይሁን ጁላይ ብዙ ለውጥ የለውም። ሳዑዲ ውስጥ ዳህራን ደግሞ በ2003 ጁላይ የጤዛ ነጥቡ 35 ደርሷል።

ይሄን በአይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ሁለት ተራ ቴርሞሜትር ያዙ፣ የአንዱን ጫፍ በእርጥብ ጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ ሁለቱንም ጥላ ስር አንጠልጥላችሁ በማራገቢያ ነገር ለአምስት ደቂቃ አናፍሱባቸው። እርጥቡ ከደረቁ በ10 ወይም በ15 ዲግሪ ከወረደ ላባችሁ ስራውን እየሰራ ነው፣ ሁለቱ ተቀራርበው ከቆሙ ግን ላባችሁ አይጠቅማችሁም። የእርጥቡ ንባብ 35 ከደረሰ ጤነኛ ሰው እንኳን ጥላ ስር ተቀምጦ ውሃ እየጠጣ ከጥቂት ሰዓት በላይ አይቋቋምም ተብሎ ነው ሲነገር የቆየው፣ በ2022 የወጣ ጥናት ግን ወጣትና ጤነኛ ሰዎችን ለክቶ ገደቡ ከዛም ዝቅ እንደሚል፣ ወደ 31 አካባቢ እንደሆነ አሳይቷል። አዛውንት ላይማ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት።

እኔ አንድ ዓመት እንዲህ ያለ የባህር ዳርቻ ላይ ኖሬያለሁ። ኤሲ ካለበት ክፍል ወጥቼ በሩን ስከፍት መነፅሬ ወዲያው ጉም ይለብሳል፣ ምንም ስለማይታየኝ ደረጃው ላይ ቆሜ እስኪጠራ እጠብቃለሁ። መብራት የጠፋ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስነቃ አንሶላው ጀርባዬ ላይ ተለጥፎ ነበር፣ ትራሱን ገልብጬ ብተኛ ያኛውም ጎን ሞቋል። ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀመጥኩት የቆዳ ጫማ በሶስት ሳምንት ሻገተ። ቴርሞሜትሩ ግን 31 ነበር የሚለው፣ ስልክ ደውዬ ለቤተሰብ ስነግራቸው 31 ምን አላት ይሉኝ ነበር።

ወደ ብርዱ ስንመጣ ንፋስና እርጥበትን ለይታችሁ መዝኑ። ሳይቤሪያ ያለችው ያኩትስክ ከተማ ጃንዋሪ ላይ በአማካይ ከዜሮ በታች 38 አካባቢ ናት፣ አስፈሪ ነው፣ ግን አየሩ ደረቅ ነው፣ ብዙ ጊዜም ንፋስ አይነቃነቅም፣ ቤቱም ልብሱም ለዛ የተሰራ ነው። በሌላ በኩል ከዜሮ በታች 10 ላይ በሰዓት 40 ኪሎሜትር ንፋስ ሲጨመርበት ፊት ላይ የሚሰማው እንደ ከዜሮ በታች 21 ነው። አሜሪካ ያለው ማውንት ዋሽንግተን ተራራ ከፍታው 1,917 ሜትር ብቻ ነው፣ በ1934 ግን በሰዓት 372 ኪሎሜትር ንፋስ ተለክቶበታል። እና ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚንቁት ብርድ 2 ዲግሪ ከዝናብ ጋር ነው፣ በረዶ ሲሆን አራግፋችሁት ትሄዳላችሁ፣ 2 ዲግሪ ላይ የሚወርድ ዝናብ ግን ልብስ ውስጥ ዘልቆ አጥንት ድረስ ነው የሚገባው።

ዝናብ ላይ ሚሊሜትሩን ብቻ አትመኑ፣ ዝናብ የጣለባቸውን ቀናት ብዛት አብራችሁ እዩ። ኒውዮርክ ላይ በዓመት ከለንደን እጥፍ የሚጠጋ ውሃ ነው የሚወርደው፣ ግን ዶፉን ጥሎ ሰማዩ ይጠራል፣ ለንደን ደግሞ በካፊያና በዳመና ነው የምትታወቀው። ህንድ ያለችው ቼራፑንጂ በዓለም ብዙ ዝናብ ከሚወርድባቸው ቦታዎች አንዷ ሆና በደረቁ ወራት የመጠጥ ውሃ ያጥራታል፣ ዝናቡ በጥቂት ወራት ተጠራቅሞ ወርዶ ቁልቁል ስለሚሄድ። የፔሩ ዋና ከተማ ሊማ ደግሞ ሌላ ነገር ናት፣ ዝናቧ በዓመት 20 ሚሊሜትር እንኳን አይሞላም፣ በረሃ ናት ማለት ነው፣ ግን ከባህሩ በሚነሳው ቀዝቃዛ እርጥበት ምክንያት ክረምቷን በግራጫ ዳመና ስር ነው የምታሳልፈው።

ከዛ ብርሃን። በዓመት ስንት ሰዓት ፀሐይ ይታያል የሚለው ቁጥር ሰንጠረዡ ላይ ብዙ ጊዜ አለ፣ ዝም ብላችሁ እንዳታልፉት። አሪዞና ያለችው ዩማ ወደ 4,000 ሰዓት ታገኛለች፣ የፋሮ ደሴቶች ዋና ከተማ ቶርስሃቭን 1,000 አካባቢ ነው፣ ኖርዌይ ትሮምሶ ደግሞ ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ፀሐይ ጭራሽ አትወጣም። አንዳንድ ሰው ይሄ ምንም አይመስለውም፣ አንዳንዱን ግን ሁለተኛው ሳምንት ላይ ከአልጋ መነሳት ያቅተዋል፣ ይሄ ስንፍና አይደለም፣ እውነተኛ ህመም ነው፣ የሚመለከተው ሰው ሐኪም ያናግር።

አሁን ሁሉንም ጻፉና ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፣ በዓመት ስንት ወር ነው ውጪ ግማሽ ሰዓት በምቾት መሄድ የማልችለው? ለኔ ከቁጥሮቹ ሁሉ ይሄ ይበልጣል። መጥፎ ሁለት ወር ያለውና ቀሪው አስር ወር ደስ የሚል ቦታ በኔ ዝርዝር አይገባም፣ ሰባት ወር መካከለኛ ክፋት ያለው ግን ይገባል። መልሱን ስትሰጡ ራሳችሁን አትዋሹ፣ አስም ያለበት ሰው አቧራን፣ መገጣጠሚያ የሚያመው እርጥብ ብርድን፣ ነፍሰ ጡር ወበቅን ከሌላው በላይ ነጥብ ብትሰጠው ልክ ነው። ከተቻለ ደግሞ እዛ የኖረ ሰው ጠይቁ፣ ጥያቄው ግን "እንዴት ነው አየሩ" አይሁን፣ "የትኛው ወር ሲመጣ ነው የሚጨንቅህ፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው ከቤት የምትወጣው" በሉት፣ ያኔ ነው እውነቱ የሚወጣው።

የኔ ዝርዝር ላይ አንደኛ የፋርስ ባህረ ሰላጤ ዳርቻ ነው፣ በሁለቱም በኩል፣ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር ሙቀቱም ወበቁም ሌሊቱም አንድ ላይ ስለሚመጡ። ኤሲ ያለው ሰው ላይከብደው ይችላል፣ እኔ ግን የምፈርደው ቀን ፀሐይ ላይ የሚውለውን የግንባታ ሰራተኛ አስቤ ነው። ሁለተኛ ላይ ፀሐይ የማይታይበት፣ ንፋስ የማያቆምበት፣ ዜሮ ዙሪያ እየዋለለ የሚዘንብበት የሰሜን ባህር ዳርቻ ሁሉ አለ። ያኩትስክን ስንት ሰው አንደኛ ያደርጋታል፣ እኔ ሶስተኛ ነው ያደረግኳት፣ ኮት ደርባችሁ ብርድን መከላከል ይቻላል፣ ወበቅን ግን ቆዳችሁን አውልቃችሁ አታመልጡትም።