ኮንትራት ሥራ ስትለቁ ከስንት ቀን በፊት ማሳወቅ?

አዲሱ ቀጣሪ «ሰኞ ጀምር» ስላለ ብቻ የያዛችሁትን ሥራ ድንገት ጥላችሁ አትውጡ። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ያለ በቂ ምክንያት ሳያሳውቁ መውጣት እስከ 30 ቀን ደመወዝ ካሳ ሊያስከፍል ይችላል። የሚቆረጠውም ከቀሪ ክፍያችሁ ነው። በሙከራ ላይ ካላችሁ ግን ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም።

ስለዚህ አዲሱን ሥራ ስትደራደሩ ይህን ጊዜ አስቡበት። ደህና ቀጣሪ ይጠብቃል። የመልቀቂያ ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ አዘጋጁ፤ የእናንተ ኮፒ ላይ ተቀባዩ ቀን ጽፎ ይፈርምበት። በቃል ብቻ መናገር በኋላ ያጨቃጭቃል። ቶሎ መውጣት የግድ ከሆነ አለቃችሁን አነጋግሩ፤ ከተስማማችሁም በጽሑፍ ይሁን። የሥራ ልምድ ደብዳቤም ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው።